ሙቀቱን የያዘው ቱቦው አይደለም

መጽሔታችን ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ደሞዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ ናፍቆት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ቱቦ ነው። አትሳቁብኝ። ጅዳ ላይ የምታድር ሴት እንቅልፏን የምታገኘውም የምታጣውም ከጣት በቀጠነ የመዳብ ቱቦ ምክንያት ነው። ቱቦው ውስጥ የሚሄደው ነገር የክፍሉን ሙቀት ተሸክሞ ውጪ ካላራገፈ፣ መኪፉ ሌሊቱን ሙሉ ቢያጓራ ጩኸት ብቻ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ይሄን ያወቅኩት ግን አብዛኛውን በእጄ ስሠራ፣ ትንሹን ሰው ጠይቄ ነው።

ሕፃን ይዛችሁ የምታውቁ ቶሎ ይገባችኋል። የፈላ ወተት ጡጦ ውስጥ ነው፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ማዳም ከላይ ትጣራለች። ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ አቁማችሁ ብትጠብቁ ቶሎ አይበርድም። ሳህኑ ዳር ያለው ውሃ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ጡጦውን የነካው ውሃ ግን ሞቋል። ወተቱም እንደዚያው ነው፤ ጠርዙ በርዶ መሐሉ ያቃጥላል። ያንኑ ጡጦ ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ ስር እያሽከረከራችሁ ብትይዙት ግን ልጁ ለቅሶውን ሳይጨርስ ይደርሳል። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ ጡጦውም ያው ጡጦ ነው። የተለወጠው እንቅስቃሴው ነው። ጡጦው ላይ ተለጥፎ የቆየው የሞቀ ስስ ውሃ ተገፍቶ ሄደና በቦታው አዲስ ቀዝቃዛ ውሃ መጣ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የዚህ ጡጦ ነገር ነው፣ ዕቃው ይለያያል እንጂ።

ጉለይልን የኖረችባት ታውቃታለች። ደቡብ ጅዳ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ እርስ በርሱ ተደጋግፎ የቆመ፣ ሀበሻው፣ የመኑና ሌላው አፍሪካዊ ተቀላቅሎ የኖረበት ሰፈር ነበር። ‹ነበር› ያልኩት እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ዶዘር ገብቶ ማፍረስ ስለጀመረ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ከአምስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ዓመት ከምናምን ኖሬበታለሁ። ማን በምን መንገድ እዚያ እንደደረሰች መቁጠር አልፈልግም፣ የደረሰችው ታውቀዋለች። የማወራው ስለ ሙቀቱ ነው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋብናል። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ አየሩ እርጥብ ነው፤ ላባችን ይወርዳል እንጂ አይደርቅም።

ከመሐላችን አንዷ የደሴ ልጅ ቀድሞ የሠራችው መካ ነበር። እዚያ የነበረችበት ቤት ሰሐራዊ የሚሉት መኪፍ ነበረ፤ ገለባ በመሰለ ነገር ላይ ውሃ እያንጠባጠበ አየር የሚነፋው ማለቴ ነው። ‹በጣም ያቀዘቅዛል፣ መብራትም አይበላም› ብላ ከሐራጅ ሰዋሪኽ አሮጌውን በርካሽ ገዝታ መጣች። ሦስት ቀን ሞከርነው። ክፍሉ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቤት ረጠበ፣ ፍራሹ ሸተተ፣ እኛም ባሰብን። ልጅቷ ሸወዱኝ ብላ አለቀሰች፣ ዕቃው ግን ደህና ነበር። ሰሐራዊ የሚያቀዘቅዘው ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። የመካ አየር ደረቅ ስለሆነ ውሃውን ይቀበላል። የጅዳ አየር ከባሕሩ ጠጥቶ ጠግቧል፣ ተጨማሪ አይቀበልም። ሁለቱ ከተሞች መሐል ያለው መንገድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ለመኪፍ ግን ሁለት አገር ናቸው።

ወደ መስኮቱ መኪፍ ተመለስን። እሱ ደግሞ ያጓራል፣ የሚያወጣው ለብ ያለ ነፋስ ነው። አከራዩ ‹ጋዝ አልቋል፣ ክፈሉና ይሞላ› አለን። ገንዘብ ከማዋጣታችን በፊት ግን መኪፍ የሚሠራ አንድ የወልዲያ ልጅ አስጠራን። አውርዶ ከኋላ ከፈተውና ሳቀ። ‹እህቶቼ፣ ጋዙማ አለ። ይሄ ነገር ጋቢ ለብሶ ነው እንጂ› አለ። እውነቱን ነው። የመዳብ ቱቦዎቹና በላያቸው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩት ስስ የአልሙኒየም ቅጠሎች በአቧራና በወጥ ዘይት ተለስነው አይታዩም ነበር። በብሩሽና በሳሙና ውሃ አጠበው። የወረደው ውሃ የጠላ አተላ ይመስላል። የዚያን ሌሊት፣ እዚያ ክፍል ከገባን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንሶላ ስንጓተት አደርን። ጋዝ አልተሞላም።

እኔ ነገር ሳልጠይቅ አላልፍም። አስተማሪያችን ሙቀት በሦስት መንገድ ይተላለፋል ብሎ ኮንዳክሽን፣ ኮንቬክሽን፣ ራዲየሽን እያለ አስጽፎን ነበር፤ ለፈተና ሸምድጄው ነበር፣ ምን እንደሚጠቅም ግን ማንም አልነገረኝም። ለልጁ ‹መዳቡ ጥሩ ከሆነ፣ ጋዙም ካለ፣ አቧራ ይሄን ያህል ምን ያደርጋል?› አልኩት። በጃዋዛት ምሳሌ መለሰልኝ። ጃዋዛት ውስጥ አሥር መስኮት ተከፍቶ፣ አሥሩም ሠራተኛ ቀልጣፋ ሆኖ፣ ውጪ በር ላይ አንድ ዘበኛ አንድ አንድ ሰው ብቻ ቢያስገባ ስንት ሰው ያልቃል? ዘበኛው ያስገባውን ያህል ነው። መስኮቱን አሥራ አምስት ብታደርጉት ለውጥ የለም። ሙቀትም ከቱቦው ውስጥ ወደ ውጪ ለመውጣት በተራ የሚያልፋቸው በሮች አሉት። መጀመሪያ ቱቦውን ከውስጥ የተለጠፈው ፈሳሽ፣ ቀጥሎ መዳቡ፣ ቀጥሎ ቆሻሻው፣ መጨረሻ ላይ ከውጪ የተለጠፈው አየር። መዳቡ ሰፊ በር ነው፣ ሙቀት ሮጦ ያልፍበታል። ወረፋው የሚቆመው ቆሻሻውና አየሩ ጋ ነው።

አየር ደግሞ ደካማ ተሸካሚ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ የሚሸከመውን ሙቀት፣ አንድ ባልዲ አየር እንዲሸከም ብትሉት ከሦስት ሺህ ባልዲ በላይ ያስፈልጋል። የአልሙኒየም ቅጠሎቹ የተደረደሩት ለዚህ ነው። አየሩ ደካማ ስለሆነ ብዙ የሚነካው ቦታ ተሰጠው፣ ማራገቢያው ደግሞ የተለጠፈውን እየገፋ አዲስ እንዲያመጣ ተደረገ። ቅጠሎቹ መሐል አቧራ ሲሞላ ሁለቱም ይቀራሉ፤ ቦታውም ይጠፋል፣ አየሩም ይቆማል።

ልጁ ከሣጥኑ ውስጥ የተቆረጠ የመዳብ ቱቦ አውጥቶ በስልኩ መብራት አሳየኝ። ከውጪ ልሙጥ ነው፣ ውስጡ ግን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጥቃቅን ጥርስ አለው። ልሙጥ ቱቦ ውስጥ ፈሳሹ ጠርዝ ጠርዙን ይተኛል፣ መሐል ያለው ከጠርዙ ጋር ሳይገናኝ ያልፋል። ጥርሱ ያማስለዋል፣ የሚነካውንም ቦታ ያበዛል። ትልልቅ ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ቱቦው ውስጥ የተጠማዘዘ ስስ ብረት ይከታሉ አለኝ፣ ፈሳሹ እየተሽከረከረ እንዲሄድ። ‹ታዲያ ሁሉንም ለምን እንደዚያ አያደርጉትም?› ብለው ‹መግፋቱ ይከብዳል› አለ። ፈሳሹን ባማሰልሽው ቁጥር ሞተሩ የበለጠ መግፋት አለበት፣ መብራትም ይበላል። ስለዚህ ያመዛዝናሉ፣ ያተረፉት ማቀዝቀዝ ለመግፊያ ከወጣው መብለጥ አለበት። በሠርግ ድስት ብዙ ወጥ ያማሰለች ሴት ክንዷ ያውቀዋል።

ያኔ ነው እናቴ ትዝ ያለችኝ። እናቴ አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። አታውቁትም አልልም፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገች ሁሉ ጭሱን ታውቀዋለች። ድፍድፉ እሳት ላይ ይፈላል፣ አፉ በጭቃ ተለስኖ እንፋሎቱ በመቃው በኩል ወደ ሌላ ዕቃ ይሄዳል፣ ያ ዕቃ ቀዝቃዛ ውሃ ገበቴ ውስጥ ተቀምጧል። እንፋሎቱ እዚያ በርዶ ጠብ ጠብ ይላል። የልጅነት ሥራዬ ያ ውሃ ነበር። ሲሞቅ ከጉድጓድ ቀድቼ መለወጥ፣ እስኪለወጥ ደግሞ በዱላ ማማሰል። ‹አማስይው ልጄ፣ ዕቃውን የያዘው ውሃ ነው የሞቀው፣ ሌላው ገና ነው› ትለኝ ነበር። ሳማስለው ጠብታው ይፈጥናል፣ ካቆምኩ እንፋሎቱ ሳይበርድ በስፌቱ በኩል ማምለጥ ይጀምራል፣ እሷም ሽታው ሲመጣ ከጓዳ ትጮሃለች። ያመለጠው እንፋሎት የደብተራችን ገንዘብ ነበር። ዕቃውን ከውጪ አመድ ወይም ጭቃ ከያዘው አጥባ ነው የምትነክረው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ አስተማሪዬ ያስጻፈኝን ኮንቬክሽን ግን በዱላ አስተምራኛለች። (በዱላ ስል ውሃው ውስጥ ባለው ዱላ ነው።)

ከጉለይል በኋላ የገባሁበት ቤት አንድ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር፣ የባባ አባት። ከአልጋ አይነሱም ግን ወሬ ይወዳሉ። አንድ ቀን ውሃ ሳጠጣቸው ‹ያ ቢንቲ፣ አባቴ በልጅነቱ የኪንዳሳ ውሃ ነበር የሚጠጣው› አሉኝ። ኪንዳሳ ምንድን ነው ብላቸው የድሮዋን ጅዳ ነገሩኝ። ወንዝ የላት፣ የጉድጓዷ ውሃ ጨዋማ፣ ሰው የዝናብ ውሃ በጉድጓድ እያጠራቀመ የሚኖርባት ከተማ። ከመቶ ዓመት በፊት በቱርኮች ዘመን ባሕሩ ዳር የባሕር ውሃ እያፈላ፣ እንፋሎቱን በቱቦ እያሳለፈና እያቀዘቀዘ ጨው የሌለው ውሃ የሚያወጣ ማሽን ተተከለ። ፈረንጆቹ ኮንደንሰር ይሉታል፣ የጅዳ ሰው አፍ ውስጥ ኪንዳሳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1947 ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ ውሃ እስኪመጣ ድረስ የጅዳ ሰው ሲጠማው የሚያስበው ይህንን ነበር። እኔም በተሰባበረ ዓረብኛዬ ‹እናቴም ኪንዳሳ አላት› አልኳቸው። በጣም ተደነቁ። ምን እንደምታወጣበት ግን አልነገርኳቸውም።

ኪንዳሳው ቢያረጅም ሥራው አልቀረም። ከጅዳ በስተደቡብ ሹዐይባ ላይ የተሠሩት ትልልቅ የባሕር ውሃ ማጣሪያዎች ለብዙ ዓመት የሠሩት በእንፋሎት ነው። ልዩነቱ ብልጠታቸው ላይ ነው። እናቴ የሞቀውን ውሃ ደጅ ትደፋዋለች። እነሱ ግን እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዙት ገና ሊፈላ በሚሄደው የባሕር ውሃ ነው። ቀዝቃዛው የባሕር ውሃ በቱቦ ውስጥ ሲሄድ እንፋሎቱ ከውጪ ቱቦውን ነክቶ ይንጠባጠባል፣ የለቀቀውን ሙቀት ደግሞ ውስጥ ያለው ውሃ ይወስደዋል፣ እሳት ጋ ሲደርስ ግማሽ መንገድ ሞቆ ነው። አዲሶቹ ፋብሪካዎች ሳያፈሉ በጣም ስስ በሆነ ወንፊት ውስጥ እየገፉ ነው ጨዉን የሚለዩት፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው።

የባሕር ውሃ ሲሞቅ ውስጥ ያለው ነገር ቱቦው ላይ ይጋገራል። የሻይ ውሃ ማፍያ ውስጥ የምናየው ነጭ ድንጋይ ዓይነት ማለት ነው። መዳብ ሙቀትን ከዚያ ነጭ ድንጋይ ከመቶ እጥፍ በላይ አብልጦ ያሳልፋል። ስለዚህ እንደ ወረቀት የሳሳ ቅርፊት ብዙ የመዳብ ውፍረት ያህል ያግዳል። እና እነዚያን በሺህ የሚቆጠሩ ቱቦዎች በምን ያጸዷቸዋል? በስፖንጅ! እኔ ስሰማ አላመንኩም ነበር። ከቱቦው አፍ ትንሽ የምትበልጥ የስፖንጅ ኳስ ከውሃው ጋር ይለቃሉ፣ ውሃው እየገፋ በቱቦው ውስጥ ያሳልፋታል፣ እያለፈች ግድግዳውን ትጠርጋለች፣ ጫፍ ላይ በወንፊት ተይዛ ተመልሳ ትላካለች። ፋብሪካው ሳይቆም። ያን ሁሉ ሚሊዮን የፈሰሰበት ፋብሪካ ጤናውን የሚጠብቀው እኛ ሳህን በምናጥብበት ዕቃ ነው። ‹ሥራሽ ማጽዳት ብቻ ነው› ያለችኝን አንዲት ሴት ያኔ አሰብኳት።

መካን እኔ ገብቼ አላየሁም። የደሴዋ ልጅ ግን ሐረም ውስጥ ያለውን ቅዝቃዜ ስትነግረን አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማት። እዚያ መኪፍ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። ከመስጊዱ ውጪ አጅያድና ሻሚያ የሚባሉ ሁለት ማቀዝቀዣ ጣቢያዎች አሉ፣ ውሃ አቀዝቅዘው በቱቦ ይልካሉ፣ አየሩ የሚበርደው እዚያ ደርሶ በቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ሲያልፍ ነው። ለምን ውሃ? ከላይ ያልኩት የባልዲው ሒሳብ ነው፤ ያንን ሙቀት በአየር እንሸከም ቢሉ ቱቦው የቤት ያህል ይሆን ነበር። የሻሚያው ጣቢያ አቅም 120,000 ቶን ነው ይላሉ። መኪፍ ላይ ቶን የሚባለው ክብደት አይደለም። አንድ ቶን በረዶ በሃያ አራት ሰዓት ሲቀልጥ የሚወስደውን ሙቀት ያህል የሚያወጣ መኪፍ አንድ ቶን ይባላል። የጉለይሉ የመስኮት መኪፋችን አንድ ተኩል ቶን ነበር። እንግዲህ ሰማንያ ሺህ የእኛን ዓይነት መኪፍ አስቡት።

ከመስጊዱ በር ውጪ ግን ፀሐዩ ያው ፀሐይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የሐጅ ጊዜ መካ ላይ 51.8 ዲግሪ ተለካ። መንግሥት ራሱ በተናገረው 1,301 ሰው ሞተ። ጅዳም እ.ኤ.አ. በጁን 2010 እስከ 52 ዲግሪ ደርሳ ታውቃለች። እንዲህ ባለው ቀን የሚደክመው መኪፍ ብቻ አይደለም። ገላችንም የቱቦ ሥራ ነው። ደም ሙቀቱን ከውስጥ ተሸክሞ ወደ ቆዳችን ያመጣል፣ ቆዳ ስር ያሉት ስስ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ላብ ሲተን ሙቀቱን ይወስዳል፣ የበረደው ደም ተመልሶ ይገባል። ጅዳ ላይ ላብ ካልተነነ፣ በላዩ ጥቁር ዓባያ ካለ፣ የሚያልፍ ነፋስም ከሌለ፣ መውጫው በር ተዘጋ ማለት ነው።

ይሄን የምጽፈው ሰገነት ላይ ስላየሁት ነገር ነው። ባለፈው ኦገስት ጎረቤት ቤት አዲስ የመጣች የኛ ልጅ ነበረች፣ ሦስት ወር አልሞላትም። እኩለ ቀን ላይ ምንጣፍ ልታጥብ ሰገነት ላይ ወጣች። ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ወድቃለች፣ ትቀባጥራለች፣ እናቷን በአማርኛ ትጣራለች፣ ገላዋ እንደ ምጣድ ያቃጥላል። የቤቱ ሰዎች ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደንግጠው ወፍራም ብርድ ልብስ ውሃ ውስጥ ነክረው ጠቅልለዋታል። እጄን ስር ሳስገባ ብርድ ልብሱ ሞቋል። ያ ሳህን ውስጥ የቆመው ጡጦ ነው! እርጥቡ ልብስ የገላዋን ሙቀት ጠጥቶ ቆሟል፣ ነፋስም አያሳልፍም። ገፍፌ ጣልኩት፣ ጥላ ውስጥ ጎተትናት፣ ዓባያዋን አወለቅን፣ የምንጣፉን ቱቦ ይዤ መጀመሪያ የሚወጣውን የፈላ ውሃ ካፈሰስኩ በኋላ ከራሷ እስከ እግሯ አፈሰስኩባት፣ አንዷ በትልቅ ትሪ አራገበቻት፣ ሌላዋ በረዶ በፌስታል አድርጋ አንገቷና ብብቷ ላይ ያዘች። ማዳማቸው 997 ደወለች። አምቡላንሱ እስኪመጣ ውሃውንም ማራገቡንም አላቆምንም። ስሟን ስጠይቃት በትክክል የመለሰችው አምቡላንሱ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። ዛሬ ደህና ናት፣ ይሄንን እንድጽፍም ፈቅዳልኛለች።

በኋላ የሰማሁት ደግሞ እዚሁ መካ ላይ ሐጃጆች በሙቀት ሲወድቁ ብዙ የተመራመሩ ሰዎች እንደነበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋይነርና ኾጋሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ለዚህ የሚሆን አልጋ ሠርተው ጽፈውበታል፣ የመካ ገላ ማቀዝቀዣ ይባላል። በሽተኛው መረብ ላይ ይተኛል፣ ከዙሪያው ደቃቅ ውሃ ይረጭበታል፣ በላዩ ለብ ያለ አየር ይነፋበታል። ለምን ለብ ያለ? ቆዳው በጣም ከቀዘቀዘ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ሰውየውም ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ ደሙ ሙቀቱን ወደ ቆዳ ማምጣቱን ይቀንሳል ብለው ነው። ቱቦውን ክፍት አድርጎ ውጪውን ማስኬድ ማለት ነው። የዛሬ ሐኪሞች በረዷማ ውሃ ውስጥ መንከርም በጣም ፈጣን ነው ይላሉ፣ ዋናው መፍጠን ነው። እኛ ቤት ውስጥ ያለን ውሃ፣ ማራገቢያና በረዶ ነው፣ ሦስቱንም እንጠቀም። የምትቀባጥር ወይም ራሷን የሳተች ሴት ግን በአፏ ውሃ አታጠጧት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

በሳዑዲ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ6 እስከ 9 ሰዓት፣ ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ሕጉ የወጣው ለድርጅት ሠራተኞች ነው። እኛ ከሠራተኛ ሕጉ ውጪ በሌላ ደንብ የምንተዳደር ስለሆንን ሰገነቱ ላይ ማንም መጥቶ አይቆጥረንም። እኔ ግን ሰዓቱን ለማዳም ነግሬያታለሁ፣ ምንጣፍ የሚታጠበው ጠዋት ነው። ተስማማች። የጎረቤቷን ልጅ አይታለች።

አሁን ወዳለሁበት ቤት ልምጣ። ክፍሌ ከሰገነቱ በታች ናት፣ አንድ ቶን መኪፍ አላት፣ ስገባ አይቀዘቅዝም ነበር። ለማዳም ብነግራት ‹ይሠራል፣ ይሰማኛል› አለችኝ። ጩኸቱን ማለቷ ነው። የውጪው ክፍል ያለው ሰገነት ወለሉ ላይ ስለሆነ ሄጄ አየሁት። ፊቱ ላይ አሮጌ ፍራሽ ተደግፏል፣ ራሱ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይጠጣዋል። ከዋናው ማጥፊያ አጥፍቼ፣ ፍራሹን አንስቼ፣ ቅጠሎቹን በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረግኩ። ወደ ጎን ከጠረጋችሁት ቅጠሉ ይተኛና አየር ይዘጋል። ቀስ ባለ ውሃና በትንሽ የሳህን ሳሙና አጠብኩት፣ ክሎሮክስ ብረቱን ይበላዋል፣ አልነካውም። የውስጡን ወንፊት ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ አጥቤ በደንብ አድርቄ ነው የምመልሰው። ፍሪጁንም ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጌ የጀርባውን አቧራ በመጥረጊያ አነሳሁለት፣ እሱም ጀርባው ላይ ያለው ያው ቱቦ ነው።

ከዚያ ማዳምን ክፍሌ አስገባኋትና ‹አሁን እጅሽን ዘርጊ› አልኳት። ቆማ ቀረች። በእኔ እንቅልፍ ብቻ ብነግራት የምትሰማኝ አልመሰለኝም፣ ስለዚህ በመብራት ሒሳብ መጣሁ። እዚህ አገር የቤት መብራት በወር እስከ 6,000 ኪሎዋት ሰዓት በ18 ሀላላ ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ 30 ሀላላ ይገባል። የእሷ ቤት በበጋ ወር ያልፋል፣ ደረሰኙን ባባ ሲጨቃጨቅበት ሰምቻለሁ። ስድስቱም መኪፍ ጋቢ ለብሶ እየሠራ ከሆነ ያ ትርፍ ገንዘብ የሚሄደው ለአቧራ ነው አልኳት። ሳቀች፣ ግን ሒሳቡ ገባት። ‹እንግዲያው ሁሉንም አንቺ እጠቢያቸው› አለች።

እዚህ ጋ እህቶቼ፣ ስሙኝ። የሌሎቹ መኪፎች የውጪ ክፍል ያለው ሦስተኛ ፎቅ ግድግዳ ላይ በብረት ተንጠልጥሎ ነው። ከመስኮት ወጥተው የወደቁ እህቶቻችንን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ‹የውስጡን ወንፊት ሁሉ እኔ አጥባለሁ፣ የውጪውን ግን ገመድና መሰላል ያለው ባለሙያ ይምጣ› አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። እኔም ዝም አልኩ፣ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ማታ ባባ ሲመጣ በራሷ ቃል ነገረችው፤ የእሷ ሐሳብ እስኪመስል ድረስ። ይምሰል።

መኪፍ ሠሪው ሐሙስ ይመጣል ተብሏል። ማዳምን በረንዳው ላይ ቆመሽ እዪው ብያታለሁ፣ የሚወርደውን ውሃ ቀለም።